ታንከር ውስጥ አሳ? ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ስለ ክዳኑ እናውራ

ድሮ ግቢ ሲሠራ መሬት ተቆፍሮ በብሎኬትና በሲሚንቶ ታንከር ይሠራ ነበር። ከዚያ ሮቶ መጣ። ሮቶውን ብረት ማማ ላይ የሰቀለ ቤተሰብ የምድሩን ታንከር ረስቶት፣ ክዳኑ ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያስቀምጥበታል። አንድ ቀን ታዲያ ከቤቱ ልጆች አንዱ ዩቲዩብ ሲያይ አምሽቶ «እዚህ ውስጥ አሳ ብናረባስ?» ይላል። ጾም ሲደርስና የአሳ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። እኔ አዳማ ግቢያችን ባለው አሮጌ ታንከር ውስጥ አሳ ስላለኝ፣ ዘመድ ሲደውል ጤናዬን ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ አሳው ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉንም አንዴ ልጻፈው።

ይቻላል። ግን የምድር ታንከር ኩሬ አይደለም። ኩሬ ፀሐይ አለው፣ ነፋስ አለው፣ አረንጓዴ አልጌ አለው፤ አልጌው ቀን ኦክስጅን ይሠራል፣ አሳውም ይበላዋል። ታንከር ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ጨለማ ነው። መኖውም አየሩም ከእናንተ እጅ ነው የሚመጣው። ጥቅምም አለው ታዲያ፤ ወፍ አይለቅመውም፣ ሌባ በቀላሉ አያየውም፣ ውሃው ቀንና ሌሊት ብዙ አይለዋወጥም፣ አልጌ ስለሌለም ጎህ ሲቀድ ኦክስጅን አልቆ አሳው በሙሉ ተንሳፍፎ የሚገኝበት የኩሬ ችግር እዚህ የለም። የታንከር ጣጣ ሌላ ነው፣ እሱም ክዳኑ ጋ ይጀምራል። አሳው ክዳኑ ቢከፈት ደስ ይለዋል። ልጆች ያሉበት ግቢ ግን ክዳን ተከፍቶ አይታደርም።

ከአሳው በፊት የሰውን ነገር ልጨርስ። ታንከር ውስጥ መውረድ ይገድላል። ሰው የሚፈራው ውሃውን ነው፣ የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ አየሩ ነው። ጤነኛ አየር ውስጥ 20.9 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለ፤ ከ19.5 በመቶ በታች ሲወርድ ለሠራተኛ አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል። ተዘግቶ የከረመ ታንከር ውስጥ ጭቃው፣ የተረፈው መኖ፣ የሞተው አሳ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰውና በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይተዋል። ሁለቱም ከአየር ስለሚከብዱ ታች ይተኛሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ክፋቱ፣ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። «አሁንማ ሽታው ጠፋ» ብሎ መሰላሉን የያዘ ሰው ሽታው ሳይሆን አፍንጫው ነው የጠፋው።

እንዲህ ዓይነት አደጋ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይሞትም። አንዱ ይወድቃል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ዘሎ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል፣ ጎረቤት ይከተላል። ሻማ አውርዶ መሞከር የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። አትመኑት። ሻማው ቢበራም መርዛማ ጋዝ የለም ማለት አይደለም፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ አደጋ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ታንከሩ ውስጥ አውርዶ ማስነሳትም ያው ሞት ነው፣ አፉ ላይ አስቀምጦ ማስነሳትም እንዲሁ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

የእኔ ሕግ አጭር ነው፦ ማንም አይወርድም። ታንከሩን ስታዘጋጁ ሁሉ ነገር ከላይ እንዲሠራ አድርጋችሁ አስቡት። መረቡ ረጅም እጀታ ይኑረው። የታችኛው ቆሻሻ ረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ቱቦ ይሳብ። ውሃ ውስጥ የሚገባው ፓምፕ በገመድ ወርዶ በገመድ ይውጣ፣ በራሱ ሽቦ ተጎትቶ ሳይሆን። ግድ ሆኖ ሰው መግባት ካለበት ሥራውን ለሚያውቅና ጋዝ መለኪያ ላለው ሰው ስጡት፤ ንጹህ አየር በነፋሻ ሳይቋረጥ እየተነፋ፣ ደረቱ ላይ የታሰረውን ገመድ ላይ ያሉ ሰዎች ይዘው። ታች ያለው ሰው ዝም ካለ በገመዱ ይጎተታል እንጂ ማንም አይከተለውም። አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ብላችሁ እሳትና አደጋን ጥሩ።

ክዳኑን በተመለከተ፣ እኔ የወደድኩት ጠንካራ የብረት ፍርግርግ ነው። ሕፃን ቢቆምበት የማይሰምጥ፣ ከሥሩ የወባ ትንኝ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት፣ ሁልጊዜ በጓጉንቸር የተቆለፈ። አየር ይገባል፣ ልጅ አይገባም። የታንከሩ አፍ ከግቢው ወለል ከፍ ብሎ ይገንባ፣ አለበለዚያ በክረምት የግቢው ጎርፍ የመኪና ዘይቱንም የዶሮ ኩሱንም ይዞ ይገባላችኋል። መብራት ላይም ቸልተኛ አትሁኑ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚቆርጥ ብሬከር ሳይኖር ውሃ ውስጥ ፓምፕ አይገባም፣ ቢኖርም እጅ ወይም መረብ ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይጠፋል።

አሁን ወደ ውሃው። የምትጠጡበት ታንከር ከሆነ አሳ አታስገቡበት። አንደኛ፣ አሳ ይጸዳዳል፣ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ለሰው ደህና የሆነው ለአሳ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ውሃ ቤት ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ቀርቶበት እንዲገኝ ነው። የአሳ ስንጥብ፣ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል፣ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ፣ በመቶኛ ሚሊግራም በሚቆጠር መጠን ይጎዳል። ክሎሪንና አሳ አንድ ቤት አይኖሩም።

ብዙ ሰው የማያስበው የፈረቃውን ነገር ነው። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ታንከሩ ጎድሎ መሙያው ላይ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ስለወረደ ቧንቧው ክፍት ነው፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ሁላችሁ ተኝታችሁ ሳለ በቀጥታ አሳው ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የአሳውን ታንከር ከመንግሥት ቧንቧ አላቅቁት። ውሃውን መጀመሪያ በርሜል ወይም ትርፍ ሮቶ ውስጥ ሙሉት፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ አየር ንፉበት፣ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ክሎሪን ቶሎ አይወጣም። ለቸኮለ ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት አለ፤ ለአንድ ሚሊግራም ክሎሪን ሰባት ሚሊግራም ያህል ይበቃል፣ ማለትም በሊትር 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ላለበት 1,000 ሊትር ውሃ 3.5 ግራም ገደማ። ታንከሩን በበረኪናና በኦሞ አጥቦ አሳ መልቀቅ ደግሞ የት እንደሚያደርስ አሁን ገብቷችኋል።

የሚገርመው ግን ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ሆን ተብሎ አሳ የተለቀቀበት ጊዜም አለ። በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በሰሜን ሶማሊያ በርካ በሚባሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ኦሪዮክሮሚስ ስፒሉረስ የሚባል የቆሮሶ (የቲላፒያ) ዘመድ ተለቆ ነበር። ዓላማው መብል አልነበረም፤ የወባ ትንኝ እጭን እንዲለቅም ነበር። ያኔ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው አሰብም አፋኒየስ ዲስፓር የተባለ የዚያው አካባቢ ትንሽ አሳ በጉድጓዶች፣ በታንከሮችና በበርሜሎች ውስጥ ተሞክሮ እጩን ቀንሷል።

ይሄ ነገር የድሮ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ወባ ሲነሳ ስሟ ከፊት ነበር። የምትራባው ደግሞ ሰው ቤት ባጠራቀመው ውሃ ነው፤ በርሜል፣ ታንከር፣ በርካ። ድሬ የምትኖረው አክስቴ «ታዲያ አንተ ጥቂት አሳ ላክልኛ!» ስትለኝ የምመልስላት ይሄንን ነው፦ አክስቴ፣ መጀመሪያ ወንፊቱን ወጥሪ። ትንኝ ያልገባበት ታንከር አሳ አይፈልግም። በርካው ትልቅ ሆኖ መክደን ካልተቻለ አሳ ያስኬዳል፣ ግን በርካው ውስጥ ክሎሪን አይገባም ማለት ነው፤ የሚጠጣው በጀሪካን ይቀዳና እዚያው ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ አጋር የሚባለው ክሎሪን ይደረግበታል ወይም ይፈላል። ይህን በየቀኑ የማታደርጉ ከሆነ አሳውን ተዉት።

ወደ እኛው ታንከር ልመለስ። ምን ዓይነት አሳ? እዚህ ላይ የሚወስነው ምኞታችሁ ሳይሆን የመሬቱ ሙቀት ነው። ከመሬት በታች ያለ ውሃ ሙቀቱ ከአካባቢው አየር የዓመት አማካይ ብዙ አይርቅም። አዲስ አበባ ይሄ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁሉም የሚመኘው ቆሮሶ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚያድገው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይቀዘቅዛል፣ 16 አካባቢ መብላት ያቆማል፣ 11 እና 12 ላይ ይሞታል። አዲስ አበባ የምድር ታንከር ውስጥ ቆሮሶ የምታስገቡ ሰዎች አሳው አይሞትባችሁ ይሆናል፣ ግን አያድግም። ዝም ብሎ ያያችኋል። አዳማና ሐዋሳ ትንሽ ይሻላሉ፣ እኔ ጋም እድገቱ አዝጋሚ ነው። ድሬዳዋ ግን ለቆሮሶ ጥሩ አገር ነው።

ብርድ ላለበት ካርፕ ይሻላል። ቆቃና ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ የሚያዘው ያ ወፍራም፣ ቅርፊቱ ትልልቅ አሳ ማለቴ ነው፣ አንዳንዱ እሾሁ በዛ ብሎ ይጠላዋል። ጨለማም ብርድም ይችላል። ኢስታንቡል ለንግድ የተመላለሰ ሰው ከከተማው ሥር ያለውን፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውንና 336 ዓምድ ያለውን ትልቁን የውሃ ማጠራቀሚያ ጎብኝቶ ይሆናል። በ1540ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒየር ዢል የተባለ ፈረንሳዊ ሲያገኘው፣ የሰፈሩ ሰው ከቤቱ ወለል ሥር ውሃ እየቀዳ፣ አሳም እያጠመደ ይኖር ነበር። በኛ ዘመንም እዚያ ውሃ ውስጥ ካርፕ ሲዋኝ ይታይ ነበር። እና ጨለማው ብቻውን አሳ አይገድልም።

አምባዛ ሌላ ጉድ ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካል ስላለው ሌላው አሳ በሚሞትበት ውሃ ውስጥ ይኖራል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። ታንከሩን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ላይ ወጥቶ አየር መጉረስ ካልቻለ አምባዛም ይሞታል። ደግሞ መሬት ላይ መሳብ ይችላል፣ ክፍት ክዳን ካገኘ ጠዋት አበባ መደቡ ሥር ታገኙታላችሁ። ከቆሮሶ ጫጩት ጋር አንድ ላይ ካስገባችሁትም የሚተርፈው አምባዛው ብቻ ነው።

ኤሊ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። አይሆንም። ኤሊ ሳንባ አለው፣ ወጥቶ የሚሞቅበት ደረቅ ቦታና ፀሐይ ይፈልጋል፣ ታንከር ለሱ እስር ቤት ነው።

ግድግዳው። አዲስ የተለሰነ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፣ የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም አሲድነቱንና አልካሊነቱን የሚለካውን ቁጥር፣ 11 እና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። አሳ የሚፈልገው ከ6.5 እስከ 9 ነው። ሊሾው ከደረቀ በኋላ ውሃ ሙሉ፣ ሳምንት ያህል አቆዩ፣ ድፉት፣ እንደገና ሙሉ፣ የፒኤች መለኪያ ወረቀቱ ከ9 በታች ሆኖ እስኪረጋ ድረስ። ካትራሜ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቀለም ውስጡን አትቀቡ። ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመጣ የዝናብ ውሃም ዚንክ ይዞ ስለሚወርድ አሳ ላይ በቀጥታ አይለቀቅ። አሮጌ ታንከር ከሆነ ስንጥቁን ፈልጉ፣ በተለይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቅርብ ከሆነ። ደረቅ ወራት ውሃው ወደ ውጭ ይሠርጋል፣ ክረምት ላይ መሬቱ ሲጠግብ ደግሞ የውጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ከመሬት ሥር የተቀበረ ፕላስቲክ ታንከር ያላችሁ ደግሞ በክረምት ባዶ አታድርጉት፤ የከርሰ ምድር ውሃው ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል።

አሁን ኦክስጅን፣ ማለትም መብራት ኃይል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ይይዛል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያው ውሃ ወደ 7 ይጠጋል። አሳ ከ5 በላይ ሲሆን ይመቸዋል፣ ከ3 በታች ይጨነቃል። ያለን ትርፍ ጠባብ ነው። ስለዚህ የአየር ፓምፕ የግድ ነው፣ አረፋ የሚያወጣው ድንጋይም ታች ድረስ ይውረድ። የባትሪ መጠባበቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ብዙ አሳ አያስገባ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው መኖ ማቆም ነው፤ አሳ በልቶ ሲፈጭ ኦክስጅን ፍጆታው ይጨምራል። ከዚያ በባልዲ ከታንከሩ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል። አሳው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ካያችሁት ሰዓት የለም።

ስንት አሳ? ነጋዴዎች በአንድ ሜትር ኩብ ብዙ ኪሎ ያወጣሉ፣ እነሱ ግን ማጣሪያም ጄኔሬተርም ጠባቂም አላቸው። እኔ በ1,000 ሊትር ከ3 ኪሎ አላልፍም። 10,000 ሊትር ታንከር ውስጥ ይሄ እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ የሚመዝን 120 አሳ ይሆናል፣ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላው ገዳይ አሞኒያ ነው። አሳው ከስንጥቡ ያወጣዋል፣ የተረፈው መኖም ይጨምረዋል። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ግን ተራብተው ሥራ እስኪጀምሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። የሚኖሩበት ቦታም ይፈልጋሉ፤ በርሜል ውስጥ ቀይ አሸዋ፣ ያን ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሞልታችሁ የታንከሩን ውሃ በፓምፕ እያዞራችሁ ብታሳልፉበት ጥሩ ማጣሪያ ይሆናል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ጥቂት አሳ ብቻ የሚገባው። መኖ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ስጡ፤ ጨለማ ስለሆነ የተረፈውን አታዩትም፣ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። የእንጀራ ፍርፋሪ መጣል የሚወዱ አያቶች በየግቢው አሉ፣ በትህትና አስቁሟቸው። ውሃ ስትቀይሩ በአንዴ ከሩብ አትለፉ። የምታወጡት ውሃ ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ማዳበሪያ ነው፣ የእናቴ ቃሪያ ምስክር ነው።

ጫጩት ከየት? ሰበታ ያለው የአሳና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፣ ዝዋይም እንዲሁ። ከሐይቅ በመረብ ያወጡትን ከሚሸጥ ሰው አለመግዛት ይሻላል፣ በሽታም ጥገኛ ትልም ይዞ ይመጣል። ከረጢቱን ስታመጡ ወዲያው አትድፉት፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ሰዓት ታንከሩ ላይ ይንሳፈፍ፣ ከዚያ የታንከሩን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ አለማምዱት፣ ጫጩቶቹን በመረብ አንስታችሁ ልቀቁ፣ የከረጢቱን ውሃ ደግሞ ውጭ ድፉት። በዚያ ቀን መኖ የለም። አንድ ቀን ቢሰለቻችሁ ደግሞ ብሉት ወይም ለሚያረባ ሰው ስጡት እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁት፣ በተለይ ካርፕ፣ ጭቃውን እየቆፈረ የሌላውን አሳ ቤት ያበላሻል።